ብዙ መድከም ብዙ መሥራት አይደለም
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ቤሪያ፣ ጆሃንስበርግ)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እኛን የታክሲ ሾፌሮችን ወክለን እንድንናገር ዕድሉን ሰጥቶናል። የተሰጠን ርዕስ «በሥራ ቦታ፣ በቤትና በዕለት ኑሮ ፍሬያማ ሆኖ መገኘት» የሚል ነው። ርዕሱን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቅን። በቀን 16 ሰዓት መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው ከዚህ በላይ ሥራ ሊባል ነው እንዴ ብለን ነበር። ቆይተን ስናስብበት ግን ርዕሱ የተሰጠው ለሚገባው ሰው መሆኑን ተረዳን።

በቤሪያ ሥራ ፈትቶ የሚውል ሐበሻ ማግኘት ቀላል አይደለም። ማለዳ 11 ሰዓት ላይ በፖንቴ ሕንጻ አጠገብ ያለፈ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ያ ረጅም ሕንጻ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ አንዱ ወንድማችን መጋረጃና አንሶላ ተሸክሞ ወደ ሎኬሽን ይወጣል። ሌላው ወደ ጄፒ ገስግሶ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ድሮ የሐኪም ክፍል በነበረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብሱን ይሰቅላል። እህታችን ሌሊቱን የጋገረችውን እንጀራ ለምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች። እኛም መኪናችንን አስነስተን እንወጣለን። እንግዲህ ስንፍና የእኛ በሽታ አይደለም። በሽታችን ድካምን ሁሉ ሥራ ነው ብለን መቁጠራችን ነው።

ይህ ለምን ሆነ ብለን ራሳችንን ጠይቀናል። ከመካከላችን በ1993 ዓ.ም. ስድስት ኪሎን ለቀን ወጥተን ትምህርታችንን ሳንጨርስ የቀረን አለን። ሱቁን በ2008 እ.ኤ.አ. ግርግር የተዘረፈ፣ መንገድ ላይ ዓመታት ያለፉበት፣ ወረቀት ሲጠብቅ ጎልማሳነቱ የደረሰበትም አለ። የጠፋብንን ዓመት ሌሊት ሌሊት በመሥራት የምናስመልሰው ይመስለናል። ተማሪ ሳለን ይህንኑ ስሕተት በሌላ መልኩ አይተነዋል። ለፈተና ሌሊቱን ሲቸክል ያደረው ልጅ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ሲያንቀላፋ፣ በጊዜ የተኛው ጓደኛው ጽፎ ይወጣ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሾፌር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በሉዊ ቦታ ጎዳና ወደ ቤሪያ ይመለስ ነበር። ከኋላ አንዲት እናት ሕፃን ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ከቀደመው ማለዳ ጀምሮ ጎኑን አላሳረፈም። ዓይኑን የጨፈነው ለቅጽበት ብቻ ነበር። ሲነቃ መኪናው የእግረኛ መንገዱን ወጥቶ ከምሰሶ ጋር ተጋጭቷል። በቸርነቱ ሕይወት አልጠፋም። የሕፃኑ ለቅሶ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮ አይጠፋም። ያ ሾፌር ማን እንደሆነ እንዳትጠይቁን፤ ይኸው ፊታችሁ ቆመን የምንናገረው እኛው ነን።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው እጁና ዓይኑ የሚሠሩት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። 24 ሰዓት ከቆየ ደግሞ 0.10 ይደርሳል። የዚህ አገር ሕግ ለማንኛውም ሾፌር የሚፈቅደው ከ0.05 በታች ነው። እንደ እኛ በሙያ ፈቃድ ሰው ለሚያጓጉዝ ከ0.02 በታች ነው። ጠጅ ሳንቀምስ፣ ጠርሙስ ሳንከፍት፣ በየሌሊቱ እንደ ሰካራም ስንነዳ ኖረናል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በጭንቅላት ደም መፍሰስ ወይም መርጋት የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ ይበልጣል። እኛ በቀን 16 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ስንሠራ 96 ሰዓት ይሆናል። ሒሳቡን ለእናንተ እንተዋለን።

«ታዲያ ኪራዩን ማን ይክፈል? አገር ቤት ላሉት ማን ይላክ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። እኛም ያነሣነው ይህንኑ ነበር። መልሱን ያገኘነው ከአንድ ተራ ደብተር ነው። ለአራት ሳምንት የገባውን ገንዘብ፣ የተቃጠለውን ቤንዚንና የሄድነውን ኪሎ ሜትር በየሰዓቱ ጻፍን። ውጤቱ አስደነገጠን። ገንዘባችን የሚገባው የሩቅ አገር አውቶቡሶች ፓርክ ስቴሽን በሚገቡበት ማለዳ፣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ምሽትና ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የምንቆመው በከንቱ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ሰዓቶች ያመጡልን ከቤንዚኑ ብዙም አያልፍም። ከ16ቱ ሰዓት ቤታችንን የሚያስተዳድረው አሥሩ ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር ደብተሩ ነገረን። ለባለ መኪናው በየሳምንቱ የምንከፍለው ሒሳብ መኪናው 10 ሰዓት ቢሠራም 20 ሰዓት ቢሠራም ያው ነው። ሌሊቱን የሚያስነዳን ይህ ሒሳብ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ወንድማችን ጋር ተስማምተን አንዱን መኪና በፈረቃ ለሁለት ነዳነው፤ ሒሳቡም ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ አምስት ሾፌሮች ሆነን እቁብ ጀመርን። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት የራሱን መኪና ለመግዛት ቀብድ ከፈለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን በእጃችን ዳሰስነው። ባለ ሱቆችም ይህን ሞክሩ። ሱቁ ከፍቶ ከመዋሉ ይልቅ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀን እንደሚሄድ ማወቁ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 መብራት በፈረቃ ሲጠፋብን እንዴት እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ሁሉም ቤት በቃሉ ያውቅ ነበር። ወጡ ቀደም ብሎ ይሠራል፤ ልብስ ይተኮሳል፤ ስልክ ይሞላል፤ ልጆች በብርሃን የቤት ሥራቸውን ይጨርሳሉ። በዚያ ችግር ውስጥ ሥራችን ሳይጓደል አለፍን። ለመብራት ፕሮግራም ያወጣን ሰዎች ለእንቅልፋችን፣ ለልጆቻችንና ለትዳራችን ግን ፕሮግራም አልነበረንም።

በአንድ ወቅት የሰባት ዓመት ልጃችን በትምህርት ቤት «አባትህ ምን ይሠራል?» ተብሎ ተጠየቀ። «ይተኛል» ብሎ መለሰ። አስተማሪዋ እየሳቀች ነገረችን፤ እኛ ግን አልሳቅንም። ልጁ አልዋሸም። እሱ ሲወጣ ተኝተናል፤ እሱ ሲተኛ ወጥተናል። ለእሱ ስንል የደከምንለት ልጅ እኛን የሚያውቀን በጀርባችን ነበር። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ በከንቱ መቆሙን ትተን ቤት ገብተን እናርፋለን፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን የምንከፍትለት እኛ ነን። አማርኛ ፊደልም ጀምረናል፤ «ሐመር» ላይ ደርሰናል።

በዕለት ኑሯችን ደግሞ ስለ ቀጠሮ አንድ ነገር ሳንናገር አንወርድም። ስብሰባችን 8 ሰዓት ተብሎ 10 ሰዓት ይጀመራል። ስልሳ ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጠብቅ 120 ሰዓት ይሆናል። ይህ የአንድ ሰው 15 የሥራ ቀን ነው። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የ15 ቀን ደመወዝ አፍሰን እንበተናለን፤ የአንድ ሰው ሃምሳ ራንድ ቢጠፋ ግን ኮሚቴ ይቋቋማል። ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ቡና መጠራራት ይቅር ማለታችን አይደለም። በዚህ አገር ያቆየን እርሱ ነው። የሰው ሰዓት እንደ ሰው ገንዘብ ይከበር ነው የምንለው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ገበሬው ማለዳ ይጠምዳል፤ ፀሐይ ሲበረታ በሬውን ይፈታል። መሬቱ አልቆ አይደለም፤ በሬው ነገም እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ነው። አረሙና አጨዳው ሲበዛበት ደቦ ይጠራል፤ በወንፈል ለጎረቤቱ የሠራውን ቀን ተራው ሲደርስ በቀን ይመለስለታል። ለበሬ የታሰበው ለእኛ ለራሳችን ሳይታሰብ መቅረቱ ያሳዝናል።

በመጨረሻም ሦስት ነገር ለማኅበራችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሾፌር የሆንን ሁሉ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ መሪ ላይ ላለመቀመጥ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ለማረፍ ቃል እንግባ። ሌሊት ላይ ዓይኑ የከበደው ሾፌር ደውሎ የሚጠራው ወንድም እንዲኖረው ስልካችንን በአንድ ዝርዝር እናስፍር። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው በፈረቃ መሥራትና በእቁብ መኪና መግዛት ለሚፈልጉ መዝገብ ይክፈት። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሰዓቱ ሲደርስ፣ አምስት ሰው ብቻ ቢገኝም፣ ይጀመር።

የተሰጠን 20 ደቂቃ ሊያልቅ ነው። ስለ ሰዓት ተናግረን ሰዓት ብናሳልፍ ትዝቡናላችሁና እዚህ ላይ እናቆማለን። 20ኛውን ዓመት ሁላችንም በጤና፣ ነቅተን ለማክበር ያብቃን።