«የታደሰ ቤት ከነይዞታው»

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



በዚህ መድረክ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነው። ይኸውም በሰሜኑ ደጋ አገራችን ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርቶ የኖረ፣ ኋላም ታድሶ ለሽያጭ የሚቀርብ የገበሬ ቤት ነው። ጉዳዩ ያነሰ ቢመስልም የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚፈስበት፣ ቤተ ሰብ በሥሩ የሚተኛበት፣ የእኛም ፊርማ የሚጠየቅበት ስለሆነ ልናልፈው የሚገባ አይደለም።

ሻጭ ወይም ደላላ እንዲህ ያለውን ቤት ሲያስተዋውቅ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዋናው ቤት ድንጋይ ነው፤ ጣራው ተለውጦ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ግድግዳው ውስጡም ውጭውም በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ወለሉ ሊሾ ነው፤ ከጎኑ አንዲት ትንሽ የእንግዳ ቤት አለች፤ ማድ ቤት፣ በረትና ጎተራ አለው፤ ከጓሮው ቀጥሎ የእርሻ መሬት አለ። በመጨረሻም «የታደሰ ቤት ከነይዞታው» ተብሎ አንድ ዋጋ ይጠራል። ገዢው ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ቀዬው ሊመለስ ያሰበ ሠራተኛ፣ በውጭ አገር ለፍቶ ያጠራቀመ ሰው፣ ወይም በላሊበላና በገራልታ አካባቢ እንደተሠሩት ያለ የእንግዳ ማረፊያ ለመክፈት ያቀደ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ከመክፈሉ በፊትም «አንድ መሐንዲስ ይየው» ይላል።

ይህ መሐንዲስ ሊሠራ የሚገባው ዋና ሥራ፣ በእኔ አስተያየት፣ መለየት ነው። ሻጩ በአንድ ዋጋ ያሰራቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ መሬቱ፣ ነባሩ ቤትና እድሳቱ። የመጀመሪያው የማይሸጥ ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከሚገመተው በላይ ዋጋ ያለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጥቅም መስሎ ጉዳት ሊሆን የሚችል ነው። ሦስቱንም በየተራ እመለከታለሁ።

ስለ መሬቱ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል መሬት በርስትነት በዘር ሐረግ ይያዝ ስለነበር፣ በቀድሞውም ዘመን ቢሆን እንደ ዕቃ ገበያ ወጥቶ መሸጡ የተለመደ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። ይኸው አንቀጽ ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው ማሻሻያ ላይ ሙሉ መብት እንዳለው፣ ይህም መብት የመሸጥንና የማውረስን መብት እንደሚጨምር ይገልጻል። እንግዲህ ግድግዳውና ጣራው ይሸጣል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን አይሸጥም ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ለሕግ ባለሙያ ብቻ የምንተወው አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ግምታችን ይገባልና። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት ካሣ የሚሰላው በመተኪያ ዋጋው ነው። ገዢው «ለመሬቱ» ብሎ በጎን የከፈለው ገንዘብ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ በምናቀርበው ሪፖርት ውስጥ «የመሬት ዋጋ» የሚል መስመር ሊኖር አይገባም። ለከተማ፣ ለመንገድና ለውሃ ቅርብ የሆነ ቤት ተፈላጊነቱ ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው፤ ይህንንም በቃል መግለጽ ይቻላል። ነገር ግን የቤቱ መተኪያ ዋጋ ይህን ያህል ነው፣ ይዞታውን በሚመለከት ደግሞ በደብተሩ ላይ የሰፈረው መብት ይህ ነው ብሎ ለየብቻ መጻፍ ሐቀኛነት ነው።

በ1990ዎቹ መሰጠት የጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጃችን ሳይደርስ መስፈሪያ ሜትራችንን መዘርጋት አይገባንም። አጥሩ የተተከለበት ሥፍራና ደብተሩ የሚያሳየው ወሰን የማይገጥም ከሆነ፣ በተለይም በእድሳቱ ጊዜ የተጨመረችው ትንሽ ቤት ከወሰኑ ወጥታ ከተገኘች፣ ይህ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። ከዚህም በተጨማሪ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በሚመለከተውም አካል ፊት እንዲመዘገብ የሚያዝ መሆኑን ለገዢው ማሳሰብ ከሙያችን ወሰን መውጣት አይሆንም።

ስለ ነባሩ ቤት

በትግራይ ሕድሞ የሚባለውን ቤት እንውሰድ። ግድግዳው ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው፤ ማያያዣውም ጭቃ ነው። ጣራው ጠፍጣፋ ሆኖ በወፍራም አግዳሚና በምሰሶ ላይ የተጋደመ እንጨት ነው፤ በላዩም አፈር ተደልድሎበታል። በመልኩ ቀላል የሚመስለው ይህ ቤት ክፍሎቹ እርስ በርስ የተረዳዱ አንድ ወጥ አሠራር ነው።

ጭቃ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሲርስ ይደክማል። ስለሆነም የነባሩ ግንበኛ ጥበብ ግድግዳው ውሃ ፈጽሞ እንዳይነካው ማድረግ ሳይሆን፣ የነካው ውሃ ቶሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ያልተለሰነ ወይም በጭቃ ብቻ የተመረገ ግድግዳ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ ይተፋዋል። ውፍረቱም የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊቱን ስለሚሰጥ፣ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ቀዝቃዛ ለሆነው ደጋ ተስማሚ ነው።

የአፈር ጣራውም ክብደቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1,700 ኪሎ ግራም ነው ብንል፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 510 ኪሎ ግራም ያርፋል። 6 በ8 ሜትር ለሆነ ቤት ከ24 ቶን በላይ መሆኑ ነው። ይህ ጭነት የግድግዳውን ጫፍ ወደ ታች ተጭኖ ድንጋዮቹን አጥብቆ ይይዛል። ነፋስም አያነሣውም።

በቤት ውስጥ የሚነደው እሳት እንኳ ሥራ ነበረው። ጢሱ የጣራውን እንጨት እያጠቆረ ከነቀዝ ይከላከል ነበር። ለዐይንና ለሳምባ ጎጂ ስለሆነ ይመለስ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ምድጃውን ያወጣ ሰው እንጨቱን የሚጠብቅበት ሌላ ዘዴ ማበጀት ነበረበት ማለቴ ነው።

ስለ እድሳቱ

አሁን እድሳት በሚለው ቃል ሥር የተደረገውን እንመልከት። በመጀመሪያ የሲሚንቶ ልስን አለ። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ በጭቃ የተያያዘው ግድግዳ ግን ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ልስኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። በስንጥቁ የገባው ውሃ በልስኑ በኩል መውጣት ስለማይችል ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጭቃውንም ያላላዋል። ከውጭ ሲያዩት ነጭና ጽኑ የሆነው ግድግዳ ውስጡ እየረጠበ መሆኑ የሚታወቀው ሆዱን ሲነፋ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ዘግይቷል።

ይህ በገበሬ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ ጥንት በኖራ የተገነባ ነው። ጣሊያኖች በያዙት ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ስለጠገኑት፣ ኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያን የማይስማማ ጥገና በኖራ ሲተኩ ኖረዋል። ለነገሥታቱ ግንብ ያልበጀ ነገር ለሕድሞ ሊበጅ አይችልም።

ሁለተኛው የጣራው ለውጥ ነው። የቆርቆሮ ጣራ በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ ግራም ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ 24 ቶን የተሸከመው ግድግዳ በአንድ ጊዜ ከማገሩና ከወራጁ በቀር የረባ ጭነት የሌለበት ሆነ። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በደጋ አገር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ያሳርፋል። ይህም የቆርቆሮውን ክብደት አሥር እጥፍ ነው። ቆርቆሮውን የያዘው ምስማር ብቻ ከሆነ፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር ካልታሰረ፣ ጣራው የሚቆየው ነፋስ እስኪመጣ ድረስ ነው። በተጨማሪም ጣራው ሁለት ተዳፋት ሆኖ እግሩን የሚያያይዝ አግዳሚ ከሌለው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

የውሃውም ነገር ተለውጧል። በዚያው ቤት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,440 ሊትር ውሃ በጥቂት ጊዜ ከጣራው ጠርዝ ይወርዳል። አሸንዳና ቦይ ከሌለ የሚያርፈው በግድግዳው እግር ላይ ነው። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ደግሞ ከሥር የሚመጣው እርጥበት በወለሉ መውጫ ስለሚያጣ ወደ ግድግዳው ይወጣል። ከወለል በላይ እስከ ጉልበት ድረስ የሚታየው ሻጋታና አመድማ ጨው የዚህ ምልክት ነው።

ቀላል ጣራ ሁሉ ስሕተት ነው አልልም። በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ባሉት አገሮች ከባድ ጣራ የሚያስከትለውን አደጋ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው፣ ማጀቴን ያፈረሰው የምድር መንቀጥቀጥ አሳይቶናል። የምለው አንድ ነው፤ ክብደት ሲቀነስ ክብደቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ማሠሪያ መተካት አለበት።

ሦስተኛው እንጨቱ ነው። ጥንት የገባው ጽድ ወይም ወይራ ወጥቶ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በለጋነቱ ተቆርጦ ገብቶ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ያልበሰለና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ለምስጥም ጥሩ ምግብ ነው። ኮርኒስ ከተመታበት ደግሞ ይህ ሁሉ ከዐይን የተሰወረ ነው።

በዙሪያው ስላሉት ቤቶች

ማድ ቤቱ፣ በረቱና ጎተራው በዋጋ ዝርዝር ውስጥ እንደ ምርቃት ይቆጠራሉ። ነገር ግን የዋናውን ቤት ጤና የሚወስኑ ጊዜ አለ። በረቱ ከዋናው ቤት ጋር ተያይዞ በዳገቱ በኩል ከሆነ፣ የከብቱ ሽንት ከጨዉ ጋር ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። በረቱ ታጥቦ መታጠቢያ ቤት ከሆነም ውሃ በማያውቅ የጭቃ ግንብ ውስጥ በየቀኑ ውሃ እንዲፈስ ተደርጓል ማለት ነው። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃው ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁም መለካት አለበት።

ምርመራውና ሪፖርቱ

ምርመራው ቢቻል በክረምት ይሁን፤ በበጋ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። መሐንዲሱ ከበር ሳይሆን ከቤቱ በላይ ካለው ዳገት ይጀምር፤ ጎርፍ የሚመጣበትን ይይ። ቀጥሎ የግድግዳውን ቀጥነት በቱምቢ ይለካ። ልስኑን በመዶሻ እጀታ እየቆረቆረ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሥፍራ ምልክት ያድርግ። በሻጩ ፈቃድ አንድ ሁለት ቦታ ልስኑን ልጦ ጭቃውን በጣቱ ይዳስስ። ኮርኒሱን ከፍቶ የእንጨቱን ጫፍ በግድግዳው ውስጥ በተቀበረበት በኩል በጩቤ ይውጋ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ቀን የበለጠ አይፈጅም፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም።

በሪፖርቱም ሦስት ነገር ለየብቻ ይስፈር። አንደኛ፣ የይዞታው መብትና ወሰን፤ ዋጋ ሳይጻፍለት። ሁለተኛ፣ የነባሩ ቤት መተኪያ ዋጋ ከእርጅና ቅናሹ ጋር። ሦስተኛ፣ እድሳቱ፤ የሚደመር ከሆነ ተደምሮ፣ መፍረስ ያለበት ከሆነ ደግሞ ማፍረሻውና መመለሻው ተቀንሶ። በዚህ በሦስተኛው ረድፍ የመቀነስ ምልክት ለመጻፍ እንዳንፈራ አደራ እላለሁ። ሻጩ ለሲሚንቶው ብዙ ገንዘብ ማውጣቱ እውነት ነው። ገንዘብ መውጣቱ ግን ዋጋ መጨመሩን አያረጋግጥም።

እርግጥ በጎ እድሳትም አለ። ውጭው በኖራና በአሸዋ የተለሰነ፣ ወይም ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ የተመረገ፤ ጣራው በማሠሪያ ከግድግዳው ጋር የተያዘ፤ የጣራው ጠርዝ ወደ ውጭ የወጣ፤ ዙሪያው ቦይ የተቆፈረለት ቤት ከተገኘ በሙሉ ልብ ሊመሰገን ይገባዋል። እንዲህ ያለው እድሳት ከሲሚንቶው ያነሰ ስለሚያብረቀርቅ ገዢዎች ይንቁታል። ዋጋውን የሚያሳውቅለት እኛ ካልሆንን ሌላ ማንም የለም።

ክቡራትና ክቡራን፤ እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የተማርነው ስለ አርማታና ስለ ብረት ነው። ስለ ጭቃና ስለ ድንጋይ የማውቀውን አብዛኛውን ከአረጋውያን ግንበኞች ነው ያገኘሁት። በዕድሜ የገፉት እነዚህ ሰዎች ሲያልፉ ዕውቀታቸው አብሮ እንዳያልፍ፣ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ለነባር የገጠር ቤቶች ምርመራ የሚያገለግል፣ ሦስቱን ረድፎች የያዘ አንድ የጋራ ቅጽ እንዲያዘጋጅ ነው። ሁለተኛው፣ በየዓመቱ ከሚደረጉት የሙያ ጉብኝቶች አንዱ ወደ ግንበኞቹ እንዲሆን ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ «ይህን ቤት ልግዛው ወይ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ የምንሰጠው መልስ በነጭ ልስን ላይ ሳይሆን ከልስኑ ሥር ባለው ግድግዳ ላይ የተመሠረተ ይሆናል።