አንዲቷን ምት ለይቶ ማረም

ከበሮው ተቀርጿል፤ ሦስተኛው ባር ላይ ግን አንዲት የስኔር ምት ከሌሎቹ በላይ ጮኸች። እንደገና መጫወት ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ዲጂታል ቋንቋ፣ የሚይዘው ድምፁን ሳይሆን ትእዛዙን ነው፦ የትኛው ኖታ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት።

ሮጀር ሊን የነደፈውን የምት መሥሪያ ማሽን፣ አካይ ኤምፒሲ 3000ን፣ እንውሰድ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የወጣ ነው። ሙዚቀኛው ማሽኑን አቁሞ ስቴፕ ኤዲት የተባለውን ክፍል ይከፍታል። ስክሪኑ ባሩን፣ ምቱን፣ ከዚያም ቲክ የምትባለውን ቁራጭ ጊዜ በቁጥር ያሳያል። በቁልፍ እየተራመደ ጯሂዋ ምት ላይ ሲደርስ ጉልበቷ 127 ሆኖ ያገኘዋል፤ የሚዲ ጣሪያ ይኸው ነው። ወደ 90 ያወርደዋል። በቃ።

ጊዜን ማረም ግን ሌላ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ የባር ምት (ቢት) 96 ቲክ አለው። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ ቲክ 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ስኔሯን ሦስት ቲክ ወደ ኋላ ቢጎትታት 21 ሚሊ ሰከንድ ትዘገያለች፤ ጆሮ ስህተት አይላትም፣ የዘፈኑ አረማመድ ግን ይለወጣል።

ሥራው አሰልቺ ነው፤ መካድ አይቻልም። ደግሞም ሁሉንም ምት መስመር ማስያዝ ግዴታ አይደለም። የዲትሮይቱ ሙዚቃ አቀናባሪ ጄ ዲላ ማሽኑ ምቶቹን በራሱ የሚያስተካክልበትን ክፍል እያጠፋ፣ በእጁ እንደመታው በመተው ይታወቃል። የእሱ ኤምፒሲ 3000 ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።