ስለ ቀዩ የውኃ ዳር አበባ

(በሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር)



ከሕንፃው ጀርባ ያለውን የጭቃ ቦታ ጉዳይ ዛሬ እንጨርሰው ብለን ቀርበናል። እንደምታውቁት ሣር ቢዘራበት በሰበሰ፤ ጎመንም አልሆነለትም። ጠጠር ይደፋበት የሚሉ አሉ። እኛ ግን ካርዲናል ፍላወር የሚባለው ቀይ አበባ ይተከልበት እንላለን። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በየወንዙ ዳር ራሱን ችሎ የሚበቅል ነው። እርጥበት ይወዳል፤ የሚጎዳው ሲደርቅበት ነው።

ለኛም ባዕድ አይደለም። በስሜንና በባሌ ተራራ የምናውቀው ጅብራ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ሎቤሊያ ከሚባለው ወገን ናቸው። ጅብራ ግን አንዴ አብቦ ይሞታል። ይኸኛው ከ60 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር አድጎ፣ ያበበው ግንድ ሲደርቅ ከሥሩ ትንንሽ ቡቃያ ይተካል። በሚቀጥለው ዓመት የሚያብቡት እነሱ ናቸው። ታዲያ በብርዱ ወራት የረገፈ ቅጠል ከተከመረባቸው ታፍነው ይበሰብሳሉ። ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጠሉን ቶሎ ቶሎ ማንሣት ያስፈልጋል።

ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። ጤፍ የዘራ ሰው ይገባዋል፤ ከላይ ይበተናል እንጂ አፈር አይለብስም፤ ብርሃን ይፈልጋልና። ከዱር ነቅሎ ማምጣት ግን አይሆንም፤ ችግኝ ከሚሸጡት እንገዛለን።

ወፏን በተመለከተ፤ ሀሚንግበርድ የምትባለው፣ ክብደቷ 3 ግራም ገደማ የሆነች፣ አየር ላይ ቆማ የምትመጥጥ ናት። የአበባው ቱቦ ረዥም ስለሆነ የብዙ ንቦች ምላስ አይደርስበትም፤ ለእሷ ግን የተሰፋላት ያህል ነው። አበባው ከሐምሌ እስከ መስከረም ይፈካል፤ እሷም ወደ መካከለኛው አሜሪካ ለመሄድ ስብ የምታጠራቅምበት ጊዜ ነው። ደረጃ መውረድ ያቃታቸው እናቶቻችን በመስኮት የሚያዩት ያገኛሉ፤ ይኸ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባለፈው «ልጆች ቢበሉትስ?» ተብሎ የተጠየቀው ትክክል ነው። ተክሉ መርዝነት አለው፤ ከተበላ ያስመልሳል፣ ያዞራል፣ ሲበዛም የባሰ ያመጣል። ስለዚህ የሽቦ አጥሩ ሳይቆም አንድም ችግኝ አይተከልም። ለሳል ይሆናል ብሎ ቅጠሉን የሚቀቅል ሰውም እንዳይኖር። ምናልባት የቀመሰ ቢኖር የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ የከፋ ከሆነ 911 ይደወል።

ውኃ የማጠጣቱ ተራ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከጠፋ ነው። የስም መመዝገቢያው ከፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ተለጥፏል፤ ለአጥሩ ሥራ መዶሻና ጉጠት ያለው ሰውም እዚያው ይጻፍ።