ከበሩ ውጭ የቀሩት

በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ፣ ከሴን ወንዝ በላይ ባለ ነጭ ገደል ላይ ሻቶ ጋያር የሚባል የፈረሰ ምሽግ አለ። ጣሪያ የለውም፤ ግንቡ ብዙው ወድቆ ሣር በቅሎበታል። ያሠራው ልበ አንበሳ የተባለው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1196 እስከ 1198። ያን የሚያህል ግንብ በሁለት ዓመት! የሚወረወር ድንጋይ እንዳይጎዳው የውስጡን ቅጥር ጎበጥ ጎበጥ አድርጎ አሠራው። ታዲያ በዓመቱ፣ በ1199፣ ሌላ ቦታ ላይ በቀስት ተወግቶ ሞተ። ዛሬ የማወራህ ግን ስለ እርሱ አይደለም።

በ1203 የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊጶስ ምሽጉን ከበበ። ከታች ያሉት የመንደሩ ሰዎች ሸሽተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሽማግሌው፣ እናቱ፣ ሕፃኑ። ስንቁ እንደማያዳርስ ሲታይ የምሽጉ አዛዥ ሮጀር ደ ላሲ የማይዋጉትን ሁሉ በሩን ከፍቶ አስወጣቸው። የመጀመሪያዎቹን ፈረንሳዮቹ አሳለፏቸው። የኋለኞቹን ግን ንጉሡ «እንዳያልፉ» ብሎ ከለከለ። ቢመለሱ በሩ ተዘግቷል። በዚያ በሚያንዘፈዝፍ ብርድ በሁለቱ ጦር መካከል ሣር እየነጩ ከረሙ። ብዙዎቹ እዚያው አለቁ።

አየህ ወገኔ፣ አዛዡ ሒሳብ ነው የሠራው። እኛስ? ኑሮ ሲከብድ ከማዕዱ መጀመሪያ የሚነሣው ማን ነው? የታመመችው ሠራተኛ አይደለችም እንዴ? ከገጠር የመጣው የዘመድ ልጅ አይደለም? «ለእኛም አልበቃንም» እንላለን። ደግሞ እውነት ነው እኮ፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፣ ውሸት ቢሆን በቀላሉ እንፈረድበት ነበር። ነገር ግን ጌታችን ኢየሱስ የተሰቀለው ከከተማይቱ በር ውጭ ነው። በርህን ዘግተህ ስትጸልይ እርሱ በየትኛው ወገን እንዳለ እስቲ አስብ።

ስንቁ ተቆጠበ፤ ምሽጉ ግን አልዳነም። የዘመኑ ጸሐፊ እንደ ተረከው የፈረንሳይ ወታደሮች በአንዲት መስኮት ሾልከው ገቡ። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል በመስኮት! ማርች 6 ቀን 1204 ተከላካዮቹ እጃቸውን ሰጡ።

ከበሩ ውጭ ከቀሩት መካከል የተረፉ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ቀን ንጉሥ ፊሊጶስ በዚያ ሲያልፍ ጩኸታቸውን ሰማ። እህል አብልቶ ያሳለፋቸው እርሱ ነው፤ ጠላታቸው።