ስለ ቤት ዕቃ አያያዝና ስለ መስከረም ወጪ

(በመረዳጃ ማኅበራችን የሐምሌ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣ)



ዛሬ ልንነጋገርበት የያዝነው አጀንዳ ባዶ ጀሪካን፣ ያጠረ ዩኒፎርምና የደረቀ እንጀራ ነው። «ለዚህ ነው ወይ በእሑድ የጠራችሁን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም የኮሚቴው አባላት ጉዳዩን ስንይዘው ትንሽ ሳቅ ብለን ነበር። ነገር ግን ወሩ ሐምሌ ነውና ከፊታችን ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተር፣ ጫማ፣ እንቁጣጣሽ፣ ወዲያውም መስቀል ይከታተላሉ፤ ኪሱ ግን ያው አንድ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል።

ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ከየቤታችን ምን ምን እንደሚወጣ አስተውለናል? ከመካከላችን አንዲት እናት እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ በጥቂት ብር ለቁራሌው ሰጡ። ከሰነበቱ በኋላ መርካቶ ወርደው ከምናለሽ ተራ ማንቆርቆሪያ ገዙ። ቤት ወስደው ሲያጥቡት ከሥሩ ያለችውን ጉድፍ አዩ፤ የራሳቸው ማንቆርቆሪያ ኖሯል፤ እጀታ ተበጅቶለት ተመልሶ መጥቷል። በእርግጥ ያው ራሱ ይሁን አምሳያው እኛ ልንምልላችሁ አንችልም፤ እሳቸው ግን ይምላሉ። ይህን ስንል በምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ላይ አቃቂር ማውጣታችን አይደለም። ከበርሜል ምድጃ፣ ከቆርቆሮ ባልዲ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚያወጣ እጅ ሊከበር ይገባዋል። የእኛ ጥያቄ እጀታውን ሰፈር ካለው ብየዳ ቤት ወስደን ለምን አላስበየድነውም? ነው። ከዚያ ተራ ዕቃ ስንገዛም ምድጃውና ባልዲው ይሁን፤ ከተደባለቀ ውራጅ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት ግን እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በተለይ ቲማቲምና ሎሚ የገባበትን ምግብ ባናበስልበት ይመረጣል።

ወደ መያዣ ዕቃዎች እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይኖርብናል። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ሲታጠብ፣ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው ሀብት ነው። ሲሰነጠቅም አንገቱ ተቆርጦ ጤና አዳምና በሶብላ ይተከልበታል፤ በጎኑ የተቆረጠው ደግሞ ቆሻሻ ማፈሻ ይወጣዋል። የወተት ዱቄት ጣሳም ክዳኑ እስከገጠመ ድረስ ለሽሮና ለቡና ከአዲስ ዕቃ አያንስም። ሆኖም ባዶ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ሕፃን ከውጭ ሲሯሯጥ ቆይቶ ጠምቶት ይገባል። ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆሟል። ውስጡ ያለው ግን በችርቻሮ ተቀድቶ የመጣ በረኪና ነበር። ሕፃኑ ሁለቴ ጎንጨት እንዳለ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ግማሻችን ወተት አምጡ አልን፤ ግማሻችን ጣት ከተን እናስመልሰው አልን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችን «አስመልሳችሁታል?» ብላ ነው። ለካስ እንዲህ ያለ የሚያቃጥል ነገር የጠጣን ሰው በግድ ማስመለስ አይገባም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ጉሮሮ ሲመለስ ዳግመኛ ይቃጠላልና። አፉን በውሃ አጥቦ፣ ጠርሙሱን ይዞ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው የሚያዋጣው። ልጁ ተርፏል፤ በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል። በረኪናውን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ክፉ አልነበረም። ሁላችንም እንዲያው ቁጠባ መስሎን ስናደርገው የኖርነው ነገር ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው አጥብቆ የሚለምናችሁ ይህን ነው። በረኪና፣ ላምባ፣ አሲድና የተባይ መድኃኒት የሚጠጣ ነገር በነበረበት ጠርሙስ አይቀዳ። በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚቀመጥበትም ቦታ ልጅ የማይደርስበት ይሁን። የተባይ መድኃኒት፣ የባትሪ አሲድ ወይም ቀለም የነበረበት ጀሪካን ደግሞ መቶ ጊዜ ቢታጠብ ለውሃም ለጠላም አይሆንም፤ ፕላስቲኩ መርዙን መጥጦ ይይዛልና። ሲጣልም ተበስቶ ይጣል፤ አለዚያ የማያውቅ ሰው አንስቶ ውሃ ይቀዳበታል። ገበያ ላይ ባዶ ጀሪካን ስንገዛም በፊት ምን እንደነበረበት ሻጩ ካልነገረን ብንተወው ይሻላል። ከዚህ ላይ የሚገኘው ቁጠባ ይቅርብን!

ስለ እንጀራ ብዙ አንልም፤ ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ። የተረፈው ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሁን። ሻጋታ ያወጣውን ግን ፍቆ ቀሪውን ማድረቅ አይበጅም። ስለ ምጣዱ ነው የምንናገረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በሦስት ኪሎዋት ተኩል ብናስበው፣ ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል አንድ ባለ 10 ዋት አምፑል 350 ሰዓት ያበራል ማለት ነው። ከዚያች ሰዓት ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ጊዜ የሚያልፈው ምጣዱ እስኪግል በመጠበቅ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ሊጣቸውን በአንድ ቀን አድርሰው፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ በጋለው ምጣድ ላይ ብትቀጥል አንዱ ማጋያ ይቀራል። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፤ የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በእርከን ከፍ የሚልበት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቤት ከተጋገረ ባለቤቷ ወደ ላይኛው እርከን ትወጣና ጸብ ይመጣል። ስለሆነም አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ ይሁን።

አሁን ወደ ዩኒፎርሙ። በስብሰባው ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ የሰው ልብስ ለብሶ እንዲሳቀቅ አልፈልግም» ብለዋል። እውነት ነው፤ ልጅ ሲሳቀቅ ማየት ለወላጅ ከባድ ነው፤ እኛም ቀላል ነው አላልንም። ሆኖም ባንድ ዓመት ውስጥ ያጠረ፣ ነገር ግን ምንም ያልሆነ ሱሪና ሹራብ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ታጥፎ እንዳለ የማናውቅ የለንም። እዚያው የታናሹን ተራ ይጠብቃል፤ ታናሽ ከሌለ ደግሞ ለልዋጭ ይወጣና በአንድ ሳፋ ይለወጣል። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከነሐሴ 20 እስከ ጳጉሜን 3 ቀን ድረስ ታጥቦ የተተኮሰ ዩኒፎርም በማኅበሩ ዕቃ ቤት ይሰበሰባል። የሰጪ ስም አይጻፍም፤ የወሳጅም አይጻፍም። የሚለየው በትምህርት ቤቱና በልኩ ብቻ ነው። ጠርዙን ለማሳጠርና ለማስረዘም ከመካከላችን ልብስ ሰፊ የሆኑ አንድ ወንድም ክሩን ራሳችን ካመጣን በነፃ እንሠራለን ብለዋል፤ እናመሰግናለን። ያ አባት በመጨረሻ ምን እንዳሉ ልንነግራችሁ እንወዳለን፤ «እንግዲያው የኔ ልጅ ያሳጠረው ሁለት ሹራብ አለ፤ እሱን አመጣለሁ» ነው ያሉት። ይወስዱ እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስለ ግዢም ጥቂት ቃል። ከሱቅ በዱቤ በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ዘይትና ስኳር በወር ሲደመር ውድ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ባንድ ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው እንጂ። ለዚህ ነው አራት አራት ቤት ሆነን እንግዛ የምንለው። አንድ ኩንታል ጤፍ ለአራት ሲካፈል ለየቤቱ 25 ኪሎ ነው፤ ገንዘቡን በእቁብ መልክ በየሳምንቱ ማጠራቀም ይቻላል። ለልደት፣ ለክርስትና ወይም ለሰደቃ ሰሃንና ወንበር ለመግዛት ያሰባችሁም ቆም በሉ፤ የማኅበሩ ሰሃን፣ ጎላ ድስትና ወንበር የሐዘን ቀን ብቻ እየጠበቀ አቧራ ይጠጣል። አስመዝግቦ መውሰድ፣ አጥቦ መመለስ፣ የተሰበረውን መተካት ነው።

ለጤፍ ግዢው እስካሁን 12 ቤቶች ተመዝግበዋል። ማካፈያ ሚዛኑን ማን እንደሚያመጣ ገና አልተስማማንም። ሚዛን ያላችሁ እስከ ነሐሴ 10 ቀን ድረስ ለኮሚቴው ጸሐፊ ብታሳውቁን።