ሦስት ጊዜ የተመረጠበት ወንበር፦ ጁሊያን ቦንድ በጆርጂያ ምክር ቤቶች

ጁሊያን ቦንድ በደቡባዊቷ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በጆርጂያ ለሃያ ዓመታት ሕግ አውጪ ነበር። ከ1967 እስከ 1975 በሕግ መምሪያው ምክር ቤት፣ ከዚያ እስከ 1987 መባቻ ድረስ በሕግ መወሰኛው ማለትም በሴኔቱ አገልግሏል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያውን ወንበር ለመያዝ ግን አንድ ዓመት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ መመረጥ ነበረበት። ሁለት ጊዜ መራጩ ሕዝብ ላከው፣ ሁለት ጊዜም ምክር ቤቱ መለሰው። ከሦስተኛው ምርጫ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለትና ገባ። የምክር ቤት ወንበር ባለቤቱ የላከው መራጭ ነው ወይስ አስቀድመው የገቡት አባላት? ይህ ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እንዲህ ፈጦ የወጣበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

ቦንድ በጃንዋሪ 14 ቀን 1940 በናሽቪል፣ ቴነሲ ተወለደ። አያቱ ጄምስ ቦንድ ከባሪያ እናት የተወለደ ሰው ነበር። ኬንታኪ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ቤሪያ ኮሌጅ የሄደው በእግሩ ሲሆን፣ ለትምህርት ክፍያ የሚሆነውን አንድ ወይፈን እየነዳ እንደ ነበር በቤተሰቡ ይተረካል። ከዚያ ወይፈን በኋላ መማር ለቦንድ ቤተሰብ የዘር ውርስ ሆነ። አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ በፔንስልቬንያ የሚገኘው፣ ክዋሜ ንክሩማህም የተማረበት የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ እናቱ ጁሊያ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበረች።

ወጣቱ ቦንድ በ1957 አትላንታ ወደሚገኘው ወደ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ። በ1960 የጸደይ ወራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጭ ብቻ በተከለሉ የምግብ ቤት ጠረጴዛዎች ላይ ተቀምጠው አንነሣም ማለት ሲጀምሩ፣ እሱም በአትላንታ ማዘጋጃ ቤት ካፍቴሪያ ተቀምጦ ታሰረ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ፣ በአጭሩ «ስኒክ»፣ ተቋቋመ፤ ቦንድም ትምህርቱን አቋርጦ የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆነ። ሥራው የገጠሩን ድብደባና እስራት ለጋዜጦች ማድረስ ነበር። ዲግሪውን የተቀበለው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ የምክር ቤት አባል ሆኖ ሳለ ነው።

ወደ ምርጫ የሚያስገባውን በር የከፈተው የካርታ ለውጥ ነው። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሏት። በቀድሞው ሥርዓት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት 205 ወንበሮች ይከፋፈሉ የነበረው በሕዝብ ቁጥር ልክ ሳይሆን በካውንቲ ነበር፤ በሕዝብ ብዛት ስምንቱ ትልልቆች ሦስት ሦስት፣ ተከታዮቹ ሠላሳዎቹ ሁለት ሁለት፣ የቀሩት 121 ደግሞ አንድ አንድ ወንበር ያገኙ ነበር። በ1960 ቆጠራ አትላንታን የያዘው ፉልተን ካውንቲ 556,326 ነዋሪ ሲኖረው፣ የኤኮልስ ካውንቲ ነዋሪዎች 1,876 ብቻ ነበሩ። ፉልተን ሦስት፣ ኤኮልስ አንድ ተወካይ ይልካሉ። ሒሳቡ ሲሠራ የአንድ የኤኮልስ ነዋሪ ውክልና ከዘጠና ስምንት የአትላንታ ነዋሪዎች በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ጥቁሩ ሕዝብ ድምፁን በተሻለ ነፃነት ይሰጥ የነበረው በከተማ ስለ ነበር፣ የገጠሩ ሚዛን የሚጫነው በመጀመሪያ እሱን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 እና በ1964 ባሳለፋቸው ውሳኔዎች አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለውን መርሕ ሲያጸና፣ ጆርጂያ የምርጫ ክልሎቿን እንደገና ለመሸንሸን ተገደደች። በአትላንታ አዳዲስ ወንበሮች ተፈጠሩ፤ ለእነዚሁም ልዩ ምርጫ በ1965 ተጠራ።

ከአዲሶቹ ክልሎች አንዱ 136ኛው ነበር። ወደ 6,500 ከሚጠጉት መራጮቹ 6,000 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። የሃያ አምስት ዓመቱ ቦንድ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ቀረበና ከስኒክ ጓደኞቹ ጋር ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን ምን እንደሚፈልግ ጠየቀ። ለዚያ ጊዜ ፖለቲከኛ ይህ እንግዳ አካሄድ ነበር፤ እጩ የሚጠበቀው ሊናገር እንጂ ሊያዳምጥ አልነበረምና። ጁን 15 ቀን 1965 በተደረገው ምርጫ የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የወንድ ተማሪዎች ዲን የነበረውን ማልኮም ዲንን 2,320 ለ487 አሸነፈው። ጥቁሮች በደቡብ ያለ እንቅፋት እንዲመርጡ ያስቻለው የምርጫ መብት ሕግ ገና አልጸደቀም፤ የተፈረመው በኦገስት ነው።

ምክር ቤቱ እስኪከፈት ሰባት ወር ቀረው። በእነዚያ ወራት የቬትናም ጦርነት ተፋፋመ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1966 በአላባማ፣ ተስኪጊ፣ ከባሕር ኃይል የተመለሰ ሳሚ ያንግ የተባለ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ በነዳጅ ማደያ ለነጭ በተከለለ መጸዳጃ ቤት ለመጠቀም ሞክሮ በጥይት ተገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ ስኒክ ይህን ግድያ ከጦርነቱ ጋር አያይዞ፣ ጦርነቱን የሚያወግዝ፣ ለውትድርና ምልመላ እምቢ ላሉ ወጣቶችም አዘኔታውን የሚገልጽ መግለጫ አወጣ። መግለጫውን የጻፈው ቦንድ አይደለም፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛ በስልክ ሲጠይቀው ግን እደግፈዋለሁ አለ። ወዲያው ሰባ አምስት የምክር ቤት አባላት ቃለ መሐላ እንዳይፈጽም የሚጠይቅ አቤቱታ ፈረሙ። ምክንያታቸው ንግግሩ ለጠላት ይጠቅማል፣ ሕገ መንግሥትን ለመደገፍ ከሚፈጸመው መሐላም ጋር አይሄድም የሚል ነበር።

ጃንዋሪ 10 ቀን ምክር ቤቱ ሲከፈት ሌሎቹ አባላት ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ሲምሉ፣ ቦንድ በወንበሩ ተቀምጦ ቀረ። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ቀረበ። የውትድርና ካርዳቸውን ስለሚያቃጥሉ ወጣቶች ሲጠየቅ የመለሰው መልስ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ሰፍሯል፤ መዘዙን እያወቁ ያመኑበትን የሚያደርጉትን ሰዎች ድፍረት እንደሚያደንቅ፣ ነገር ግን ማንንም አቃጥል ብሎ እንዳልመከረ፣ የራሱ ካርድም በኪሱ እንዳለና ከተፈለገ አውጥቶ እንደሚያሳይ ተናገረ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ምን ሊሰጥ እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል። ያን ዕለት ምሽት ምክር ቤቱ 184 ለ12 በሆነ ድምፅ አይቀመጥም ብሎ ወሰነ።

ይህ ለጆርጂያ የመጀመሪያ አልነበረም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የተመረጡ ጥቁር አባላትን የጆርጂያ ምክር ቤቶች በሴፕቴምበር 1868 ቆዳችሁ ጥቁር ነው ብለው አባረሯቸው፤ የተመለሱት የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ ከገባ በኋላ በ1870 ነው። ዛሬ በአትላንታው ምክር ቤት ግቢ የቆመ ሐውልት ያስታውሳቸዋል። በ1966 ግን ሌሎቹ ጥቁር አባላት፣ ለምሳሌ ግሬስ ታውንስ ሃሚልተን፣ ያለ ተቃውሞ ምለው ገብተዋል። ከሳሾቹም ጉዳዩ የቀለም ሳይሆን የታማኝነት ነው ብለው የተከራከሩት ይህንኑ ይዘው ነው። ልዩነቱ ቢኖርም፣ ውጤቱ ለ136ኛው ክልል ነዋሪ አንድ ነው፤ የመረጠው ሰው ደጅ ቀረ፣ እሱም ያለ ተወካይ ቀረ።

ቦንድ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ማርቲን ሉተር ኪንግም አብሮ ከሰሰ፤ የከሰሰው እንደ ታዋቂ መሪ ሳይሆን እንደ መራጭ ነው፤ መኖሪያው በዚያው ክልል ውስጥ ነበርና። ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ሁለት ለአንድ ፈረደበት። ጉዳዩ በይግባኝ ላይ እያለ አገረ ገዢው ክፍት ለሆነው ወንበር ልዩ ምርጫ ጠራ፤ በፌብሩዋሪ 1966 ቦንድ ራሱ ተወዳድሮ በሰፊ ልዩነት መልሶ አሸነፈ። ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለ ነበር የደንብ ኮሚቴው ጠርቶ ቃልህን ታጥፋለህ ወይ አለው። አላጥፍም አለ፤ ወንበሩም ባዶ ሆኖ ከረመ። በሴፕቴምበር የፓርቲውን ቅድመ ምርጫ፣ ኖቬምበር 8 ቀን ደግሞ መደበኛውን ምርጫ አሸነፈ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። በዚህ መካከል የአገሪቱ ስሜት በጦርነቱ ላይ ገና አልዞረም ነበር፤ እነዚያ ጥቂት ሺህ መራጮች እጩአቸውን ሲመልሱት ከብዙኃኑ አስተያየት ጋር እየተጋፉ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስማቸው የማይጠራው ጽኑዎች እነሱ ናቸው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ ሰምቶ ዲሴምበር 5 ቀን 1966 በሙሉ ድምፅ ለቦንድ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፈው ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን ነው። ክፍለ ግዛቱ የምክር ቤት አባልን ማስማል ይችላል፤ ነገር ግን መሐላውን ሽፋን አድርጎ አብላጫው ወገን የተመረጠውን ሰው ልብ ሊመረምር አይችልም። የጆርጂያ ጠበቆች የሕግ አውጪ ንግግር ከተራ ዜጋ ንግግር ይልቅ ጠበቅ ባለ መለኪያ መታየት አለበት ብለው ነበር። ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ገለበጠው፤ ሕዝብ የሚወክለውን ሰው አቋም ማወቅ ስላለበት፣ ሕግ አውጪ በፖለቲካ ጉዳይ ላይ ለመናገር ሰፊ ነፃነት ያስፈልገዋል አለ።

ተመሳሳይ ጥያቄ ብዙ ሳይቆይ በዋሺንግተን ተነሣ። በማርች 1967 የኮንግረሱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የኒው ዮርኩን አዳም ክሌይተን ፓወልን በገንዘብ አጠቃቀም ተጠያቂ አድርጎ 307 ለ116 በሆነ ድምፅ አላስቀምጥም አለ፤ ፓወል በሃርለም የምትገኘውና ስሟን ከአገራችን የወሰደችው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። የእሱንም ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሲወስን፣ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈውን መመዘኛ ያሟላን ተመራጭ ምክር ቤቱ ሊከለክለው እንደማይችል ደነገገ።

ቦንድ በጃንዋሪ 1967 ምሎ ወንበሩን ያዘ። ወዲያው የገጠመው ሥራ አገረ ገዢ መምረጥ ነበር፤ በኖቬምበሩ ምርጫ ማንም አብላጫ ድምፅ ስላላገኘ ምርጫው ወደ ምክር ቤቶቹ መጥቶ፣ የዘር መለያየት አራማጁ ሌስተር ማዶክስ ተመረጠ። በኦገስት 1968 ቦንድ በቺካጎው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ፣ በማዶክስ የሚመራውን የጆርጂያ ልዑክ የሚገዳደር ሌላ ልዑክ ይዞ ቀረበ፤ ጉባኤውም ወንበሩን ለሁለቱ አካፈለ። በዚያው ጉባኤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲጠቆም፣ ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት ይጠይቃል፣ እኔ 28 ነኝ ብሎ ራሱን አገለለ።

ዝናው ግን በአትላንታ ሥልጣን አላመጣለትም። የምክር ቤቱ አባላት ለዓመታት ርቀውት ቆዩ፤ እሱም ብዙ ጊዜውን በየዩኒቨርሲቲው ንግግር በማድረግ ያሳልፍ ስለ ነበር ከሥራው ይቀራል የሚል ወቀሳ ተከትሎት ኖሯል፤ ወቀሳው ከእውነት የራቀ አልነበረም። በ1974 ለሴኔቱ ተመርጦ ከገባ በኋላ በሕግ ሥራ ይበልጥ በረታ። ካስጸደቃቸው መካከል የሲክል ሴል የደም ማነስ ምርመራ ፕሮግራምና ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ነዋሪዎች በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር የሚሰጥበት ሕግ ይገኙበታል።

ትልቁ የሴኔት ሥራው እንደገና ካርታ ነበር። ከ1980 ቆጠራ በኋላ የኮንግረስ ክልሎች ሲሸነሸኑ፣ አትላንታን የያዘው 5ኛው ክልል ነዋሪዎቹ በግልጽ ብልጫ ጥቁሮች እንዲሆኑ ቦንድ ዕቅድ አቀረበ፤ በዚህም ከሪፐብሊካን ሴናተሮች ጋር ተባበረ። የራሱ ፓርቲ መሪዎች ያጸደቁት ሽንሸና የጥቁሩን ድርሻ ወደ 57 በመቶ አወረደው። በመራጭነት የተመዘገበውና ድምፅ የሚሰጠው ጥቁር ሲቆጠር፣ ይህ ብልጫ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነበር። በዋሺንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1982 ይህን ሽንሸና አድልዎ ያለበት ነው ብሎ ስለ ጣለው፣ ድርሻው ወደ 65 በመቶ ከፍ አለ።

ከአራት ዓመት በኋላ የክልሉ ተወካይ ዋይች ፋውለር ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደር ወንበሩ ክፍት ሆነ። ቦንድ የጆርጂያ ሴኔት ቦታውን ትቶ ገባበት። ተፎካካሪው የሃያ አምስት ዓመት ወዳጁና የስኒክ ሊቀ መንበር የነበረው ጆን ሉዊስ ነው። በኦገስቱ ቅድመ ምርጫ ቦንድ 47፣ ሉዊስ 35 በመቶ አገኙ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ በሴፕቴምበር 2 የመለያ ዙር ተደረገ። ሉዊስ ራሱን ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው፣ ቦንድን ደግሞ የመድረክ ሰው አድርጎ አቀረበ፤ በክርክር ላይም ሁለታችንም የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እናድርግ አለ፣ ቦንድ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሉዊስ 52 ለ48 አሸነፈ። ቦንድ ከጥቁሩ ድምፅ ከስድሳ በመቶ በላይ አግኝቷል፤ የነጩ ሰፈር ድምፅ ግን በብዛት ለሉዊስ ሆነ። በምርጫ ሕይወቱ ከባዱን ሽንፈት የቀመሰው ራሱ በታገለለት ክልል ውስጥ፣ የጥቁሮች ብልጫ እንዲከበር ደክሞ ጥቂቱ የነጭ ድምፅ ወሳኝ በሆነበት ቀን ነው። ወዳጅነታቸውም በዚያ ክረምት ክፉኛ ተጎዳ።

ከዚያ በኋላ ቦንድ ለምርጫ አልቀረበም። የሲቪል መብት ትግሉን የሚተርከው «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» የተባለ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ተራኪ ሆነ፤ በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከ1998 እስከ 2010 በአገሪቱ ጥንታዊ የሆነውን የጥቁሮች መብት ማኅበር፣ ኤን ዳብል ኤ ሲ ፒን፣ በቦርድ ሰብሳቢነት መራ። ኦገስት 15 ቀን 2015 በ75 ዓመቱ በፍሎሪዳ አረፈ። 5ኛውን ክልል ሉዊስ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ጁላይ 17 ቀን 2020 ድረስ፣ ወክሎታል።