ቱቦው ምን ያህል ይስፋ?
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለርም ወደ ሞተር አየር የሚያደርሰው ቱቦ ነው። ይሁን እንጂ በየጋራዡ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበትና ባለ መኪናው በሙያችን ላይ ያለውን እምነት የሚያጣበት ስለ ሆነ፣ ጊዜያችሁን በመውሰዴ እንደማትነቅፉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ባለ ሁለት ሊትር የቤንዚን ሞተር መኪናውን አምጥቶ «ኃይል ይጨምሩልኝ» አለኝ። እኔም ሳልለካና ሳላሰላ ባለ 50 ሚሊሜትሩን ቱቦ አውጥቼ በ76 ሚሊሜትር ተካሁት። ቦታው ስለ ጠበበኝም በሁለት ስፍራ ቱቦውን በሰያፍ ቆርጬ በብየዳ ገጠምሁት። ወጣቱ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ቤንዚን ሲሰጠው መኪናው ከቀድሞው ይልቅ ዘግይቶ ይነሣል፤ የጨመረ ኃይልም የለም። ገንዘቡን መለስሁለትና ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ማድረግ የሚገባኝ ይኸው ነበር።

አስቀድሞ የሚጠየቀው የአየሩ ይዘት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ አየር ይስባል። ስለዚህ ሁለት ሊትሩ ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር፣ ሲሊንደሩ 90 ከመቶ ይሞላል ብንል፣ በሴኮንድ 90 ሊትር ያህል አየር ይወስዳል። ቱርቦው ግፊቱን ሲጨምር አየሩ ይታመቃል፣ ይከብዳልም፤ ከኢንተርኩለር በኋላ ባለው ቱቦ የሚያልፈው ይዘት ግን ያው 90 ሊትር ነው። በመንገድ የሚባክነው ግፊትም ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ድርሻው አይለወጥም። እንግዲህ «ግፊቱ ከጨመረ ቱቦውም ይስፋ» የሚለው የተለመደ አባባል መሠረቱ ደካማ ነው።

ይህ 90 ሊትር በ50 ሚሊሜትር ቱቦ በሴኮንድ 46 ሜትር፣ በ63 ሚሊሜትር 29 ሜትር፣ በ76 ሚሊሜትር 20 ሜትር ይፈጥናል። የአየሩ ፍጹም ግፊት 180 ኪሎፓስካል፣ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ቢሆን፣ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ልሙጥ ቱቦ የሚወስደው ግፊት በቅደም ተከተል 1.5፣ 0.5 እና 0.2 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ከ50 ወደ 63 ስንሸጋገር አንድ ኪሎፓስካል እናተርፋለን። ከ63 ወደ 76 የሚገኘው ትርፍ ግን ከጠቅላላው ግፊት አምስት መቶኛውን እጅ እንኳ አያህልም። በአንጻሩ የቱቦው ሆድ ከ6 ወደ 9 ሊትር ያድጋል፤ ቱርቦው ያን ሁሉ ሳይሞላ ሞተሩ ሙሉ ግፊት አያገኝም። ወጣቱ የተማረረበት መዘግየት አንዱ ምንጭ ይኸው ነበር።

መታጠፊያውንም እንመልከት። በ63 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ በሰያፍ ተቆርጦ የተበየደ አንድ የ90 ዲግሪ ማዕዘን 0.9 ኪሎፓስካል ያህል ይወስዳል፤ ይህም ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ከሚወስደው እጥፍ ገደማ ነው። በዝግታ የታጠፈ ልሙጥ ክርን የሚወስደው የዚህን ሩብ ያህል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 101 ኪሎፓስካል ወደ 76 ገደማ ይወርዳል። እዚያ 180 ኪሎፓስካል ለማድረስ ቱርቦው አየሩን 1.8 ጊዜ ማመቅ ይበቃዋል፤ እዚህ ግን 2.4 ጊዜ ማመቅ አለበት። የኮምፕረሰሩ ብቃት 70 ከመቶ ቢሆን፣ በ20 ዲግሪ የገባው አየር በጠረፍ ወደ 95፣ በአዲስ አበባ ወደ 137 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ስለዚህ በሙቁ ወገን ያለው የጎማ ማያያዣ ይህን ሙቀት የሚችል መሆን ይገባዋል።

ከፍታው ይበልጥ የሚፈትነው ግን ማንም የማያየውን ቱቦ ነው፤ እርሱም ከአየር ፊልትሮ ወደ ቱርቦ የሚገባው ነው። ይኸው ሞተር በጠረፍ በሴኮንድ 145 ሊትር ገደማ የውጭ አየር ሲስብ፣ በአዲስ አበባ ለዚያው ክብደት 190 ሊትር ያህል ይስባል። ከኮምፕረሰሩ በፊት የጠፋ አንድ ኪሎፓስካልም ከኮምፕረሰሩ በኋላ 2.4 ሆኖ ይጎድላል። እኔ ይህን ጠባብ መግቢያ እንደ ነበረ ትቼ ከኢንተርኩለር ወዲያ ያለውን ሳሰፋ ነበር።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሞተር 63 ሚሊሜትር ይበቃል እላለሁ፤ ባለ 50ውም ቢሆን ክርኖቹ ልሙጥ ከሆኑ የሚናቅ አይደለም። የቱቦው ስፋት ከኮምፕረሰሩና ከኢንተርኩለሩ አፍ ጋር ይስማማ፤ ልዩነት ካለም ቀስ በቀስ ይስፋ ወይም ይጥበብ። ጎማው እንዳይሾልክ የቱቦው ጫፍ ከንፈር ይውጣለት። ሥራው ሲያበቃ ቱቦው በዝቅተኛ ግፊት አየር ተሞልቶ በሳሙና ውሃ ይፈተሽ። አየር የሚያሾልክ ቱቦ ያለው መኪና በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ ያመለጠውን ለመተካት ቱርቦው ከልኩ በላይ ይፈጥናል፤ በከፍታ አገር ደግሞ አስቀድሞም ወደ ፍጥነቱ ወሰን ቀርቧል። ቱርቦው ሲሰበር ኪሳራው የባለ መኪናው፣ ኃፍረቱ ግን የእኛ ነው።